ቁልቋል ከጓሮ እስከ ገበታ፦ አለቃቀም፣ አያያዝና አመጋገብ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)




የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ጤፍና ስለ ማሽላ መነጋገር የተለመደ ነው። ይህ ንግግር ግን የሚያተኩረው በዩኒየኖች የግዢ ዕቅድ ውስጥ ብዙም ቦታ ባላገኘ፣ ነገር ግን በክረምት ወራት በደቡብ ወሎ የብዙ ቤተሰብ ጓዳ በሚደጉም አንድ ፍሬ ላይ ነው። ፍሬው ቁልቋል ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ከኮምቦልቻ በሐረጎ አቀበት ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ቁልቋል በሳፋና በባልዲ ሞልተው ለገበያ የተቀመጡ እናቶችንና ልጆችን ያያል። በደሴ በፒያሳና በሸዋ በር፣ በኮምቦልቻም በየጉሊቱ ፍሬው እየተላጠ በቁጥር ይሸጣል። ወቅቱ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ያለበት ነው። በመሆኑም ከቁልቋል የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ቢመስልም የሚገባው ቤቱ በጣም በሚፈልገው ጊዜ ነው። ለደብተር፣ ለጨው፣ ለዘይትና ለወፍጮ ይውላል።

ይሁን እንጂ ከተለቀመው ፍሬ ብዙው ገዢ ሳያገኝ ይበላሻል። ለምሳሌ አንዲት እናት 200 ፍሬ በጆንያ ይዛ ብትወጣና 60ው በመንገድ ላይ ቢፈርጥ፣ የምታጣው የ60 ፍሬ ዋጋ ብቻ አይደለም። የፈረጠው ፍሬ ጭማቂ ደህናውን ያረጥባል፤ ያረጠበው በማግስቱ ይሻግታል፤ ስለዚህ የቀረውን 140 ፍሬ ሳይመሽባት ገዢው በሰጣት ዋጋ ለመሸጥ ትገደዳለች። ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ሳይሆን ብልሽቱ ይሆናል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ብልሽት በቀላል ጥንቃቄና በማኅበር አሠራር እንዴት ሊቀነስ እንደሚችል ማሳየት ነው።

1. ስሙና አመጣጡ

በአማርኛ ቁልቋል የሚለው ስም ለሁለት ፈጽሞ ለማይዛመዱ ዕጽዋት ይሰጣል። አንደኛው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው፣ ወደ ላይ እንደ መቅረዝ የሚያድገው ሀገር በቀሉ ቁልቋል ነው። ወተቱ ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል፤ ለምግብ አይሆንም። ሁለተኛው የሚበላ ፍሬ የሚሰጠው፣ በትግራይ በለስ የሚባለው ነው። አዲስ አበባም ውስጥ በለስ በሚለው ስም ይሸጣል። ይህም በቅዱሳት መጻሕፍት ከተጠቀሰው በለስ የተለየ ተክል ነው።

የሚበላው ቁልቋል የትውልድ ሀገሩ ሜክሲኮ ነው። ከዚያ ወደ ስፔንና ወደ ሜዲትራኒያን ሀገሮች ተስፋፋ፤ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያም በ19ኛው መቶ ዘመን እንደገባ ይነገራል። ዛሬ ግን የአካባቢው ሰው እንደ ሀገር በቀል ይቆጥረዋል። ለአጥር ይተከላል፤ አፈር እንዳይሸረሸር ይይዛል፤ በድርቅ ጊዜ ለከብት ይቆረጣል፤ ፍሬው ይበላል፤ ይሸጣል።

ተክሉ ድርቅን የሚቋቋመው በተፈጥሮው የተለየ አተነፋፈስ ስላለው ነው። ብዙ ዕጽዋት አየር የሚያስገቡባቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች በቀን ሲከፍቱ፣ ቁልቋል ግን የሚከፍተው በሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በዚህም ምክንያት በትነት የሚያጣው ውኃ ጥቂት ነው። በተለምዶ ቅጠል የሚባለው ሰፊው አረንጓዴ ክፍልም በዕጽዋት ትምህርት ግንድ ነው፤ ውኃ የሚያጠራቅመውም እርሱ ነው።

2. ፍሬው ለምን ቶሎ ይበላሻል?

የቁልቋልን ጠባይ ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ቁልቋል እንደ ሙዝና እንደ ማንጎ ከተለቀመ በኋላ የሚበስል ፍሬ አይደለም። ጥሬውን ተለቅሞ በገለባ ቢሸፈን ሊለሰልስ ይችላል እንጂ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። የበሰለ ፍሬ ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ስኳር ይኖረዋል፤ ይህ ስኳር የሚገባው ፍሬው በተክሉ ላይ እያለ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ይቀድመኛል ተብሎ ጥሬውን የተለቀመ ቁልቋል ስለዚህ ለዘለዓለም ጥሬ ነው።

ሁለተኛ፣ መራራነትና ኮምጣጣነት የለውም ማለት ይቻላል። ሎሚና ብርቱካን ኮምጣጣ በመሆናቸው ብዙ ጀርሞችን ይከላከላሉ። ቁልቋል ጣፋጭም፣ ውኃማም፣ አሲዱ እጅግ ያነሰም ስለሆነ ልጣጩ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ለሻጋታና ለጀርም የተመቸ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚበላሸው በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ጀምሮ ነው፤ ይኸውም ፍሬው ከተክሉ ጋር ከተያያዘበት ከሥሩ ነው። ተጎትቶ ወይም ተጠምዝዞ ሲነቀል ልጣጩ በሥሩ በኩል ይቀደዳል። ቀዳዳው በዓይን ባይታይም ብስባሴው በዚያ በኩል ይገባል። ከቁልቋል ብልሽት ትልቁ ድርሻ የሚጀምረው በገበያ ሳይሆን በለቀማ ሰዓት ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. አለቃቀም

ከላይ የተገለጹት ጠባዮች የለቀማውን ደንብ ራሳቸው ይናገራሉ።

የመልቀሚያው ሰዓት ማለዳ ነው። ፍሬው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ነው፤ ጤዛውም ደቃቁን እሾህ ስለሚያረጥበው በነፋስ ተነሥቶ ዓይን ውስጥ አይገባም። ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተለቀመ ፍሬ ሙቀቱን ይዞ ወደ ሳጥን ይገባል። ለቃሚው ነፋስን ከጀርባው አድርጎ መቆም፣ ወፍራም ጓንት ወይም ጨርቅ በእጁ መያዝና ዓይኑን አለማሸት አለበት።

የበሰለ ፍሬ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። አረንጓዴው ቀለም ለቅቆ እንደ ዝርያው ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ቀይ ይለወጣል። አበባው ወድቆበት የነበረው የአናቱ ጎድጓዳ ቦታ እየሞላ ደልደል ይላል። ደቃቁ እሾህም በቀላሉ መርገፍ ይጀምራል። ለሩቅ ገበያ የሚላከው ቀለሙ መለወጥ የጀመረ ግን ገና ጠንካራ የሆነው ሲሆን፣ በዕለቱ በአቅራቢያው የሚሸጠው ሙሉ በሙሉ የበሰለው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ፍሬው መቆረጥ እንጂ መነቀል የለበትም የሚለው ነው። በስለታም ቢላዋ ከፍሬው ሥር ትንሽ የቅጠሉ ቁራጭ ተያይዞ እንዲቀር ተደርጎ ይቆረጣል። ያ ቁራጭ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በጥላ ሥር ይደርቅና የፍሬውን ሥር እንደ ክዳን ይዘጋል። ይህ አሠራር በሜክሲኮና በጣሊያን ለገበያ የሚያመርቱ ገበሬዎች የሚከተሉት ነው። ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ቢላዋና ትዕግሥት ብቻ ነው።

በአካባቢው ጫፉ በተሰነጠቀ ረጅም እንጨት ፍሬውን ይዞ መጠምዘዝ የተለመደ ነው። ረጅም እንጨት ከእሾህ ያድናል፤ ሆኖም ጥምዘዛው የፍሬውን ሥር ይቀዳል። በዚህ መንገድ የተለቀመው ለብቻው ተለይቶ በዕለቱ መሸጥ ይኖርበታል እንጂ ከተቆረጠው ጋር መደባለቅ የለበትም።

4. እሾህ ማራገፍና መለየት

የተለቀመው ፍሬ በሣር ላይ ተዘርግቶ በቅጠል መጥረጊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ይህ ሥራ ከቤትና ከልጆች መጫወቻ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበት መሠራት አለበት። እሾሁን በኃይል ለማራገፍ ፍሬውን በጆንያ ውስጥ ማሸትና መናጥ ግን ልጣጩን ይፈገፍጋል።

በክረምት ዝናብ የረጠበ ፍሬ ሳይደርቅ ፈጽሞ መከመር የለበትም። በጥላ፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። ቀጥሎም በሦስት ይለያል፦ ትልቅና እንከን የሌለው፣ መካከለኛ፣ እንዲሁም የተቀደደ ወይም የተጫነ። የመጨረሻው ለገበያ አይወጣም፤ ወዲያውኑ ለቤት ምግብ ወይም ለከብት ይውላል። አንድ የሻገተ ፍሬ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚያበላሽ መለየቱ ቁጠባ እንጂ ብክነት አይደለም።

ማመላለሻው ጆንያ መሆኑ መቅረት ይኖርበታል። በጆንያ ሥር ያለው ፍሬ የላይኛውን ክብደት ሁሉ ይሸከማል። ከዚህ ይልቅ ለቲማቲም የሚያገለግለው የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሳጥን፣ ከሥሩ ደረቅ ሣር ተነጥፎበት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ረድፍ ያልበለጠ ፍሬ ተደርድሮበት ቢሠራበት ይሻላል።

5. ማከማቸት፦ ደሴንና ኮምቦልቻን አስተባብሮ መጠቀም

ቁልቋል ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ፣ እርጥበቱ ከ90 እስከ 95 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ እንደ ዝርያውና እንደ አለቃቀሙ ከ2 እስከ 5 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ከማቀዝቀዣው ሲወጣም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ በጣም ማቀዝቀዝም እንደ ማሞቅ ይጎዳዋል። በማቀዝቀዣ የማያስቀምጥ ነጋዴ ወይም ቤተሰብ ከሳምንት በላይ ለማቆየት ባያስብ ይመረጣል።

ማቀዝቀዣ ክፍል ለሌለው ማኅበር የደቡብ ወሎ መልክዓ ምድር ራሱ ዕድል ሰጥቶታል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጦሳ ተራራ ሥር የምትገኘው ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በመሆኑም በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በቃሉና በሐርቡ አካባቢ ማለዳ የተለቀመ ፍሬ ቀትር ሳይደርስ ወደ ደሴ ቢወጣና በዚያ አየር በሚገባው ጥላማ መጋዘን ቢያድር፣ ያለ ኤሌክትሪክ ወጪ ጥቂት ቀናት ዕድሜ ያገኛል።

በሕንድ ሀገር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል አሸዋ ተሞልቶበት አሸዋው ውኃ እየተረጨ የሚቀዘቅዝ ማከማቻ አለ። ይህ ዘዴ በበጋ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለጎመን በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ስለሆነ፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት በሐምሌና በነሐሴ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለሆነም ለቁልቋል ብቻ ተብሎ መሠራት የለበትም፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚሰበሰብ አትክልት ከተሠራ ግን በመስከረም የሚለቀመውን ቁልቋልም ያስተናግዳል።

6. ገዢው ምን ይምረጥ?

የከተማው ነዋሪ ጥሩውን ለይቶ ሲገዛ፣ ጥሩ አድርጎ የለቀመው አርሶ አደርም ዋጋውን ያገኛል። ስለዚህ የአመራረጡ ትምህርት ለሻጩም ይጠቅማል።

ጥሩ ቁልቋል ሲነኩት ጠንከር ብሎ ትንሽ ይሰጣል እንጂ አይጎደጉድም። ልጣጩ የተወጠረና ወዝ ያለው ነው፤ የተጨማደደ ውኃው የሸሸ ነው። ሥሩ ደረቅ መሆን አለበት፤ ጭማቂ የሚያንጠባጥብ ወይም የጠላ ሽታ የሚሰጥ መፍላት የጀመረ ነው። ቢጫና ቀይ መሆኑ የዝርያ ልዩነት እንጂ የብስለት ደረጃ አይደለም።

ያልተላጠውን ገዝቶ ቤት መላጥ ከሁሉ ይመረጣል። ተልጦ የተቀመጠን ፍሬ ዝንብና አቧራ ካገኘው፣ ቢላዋውም በአንድ ባልዲ ውኃ ቀኑን ሙሉ የሚነከር ከሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰው የአሲድ ማነስ አደጋውን ያባብሰዋል። የሚላጥ ፍሬ የሚገዛ ሰው ዓይኑ እያየ እንዲላጥለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ሻጮችም የተቀዳ ንጹሕ ውኃ፣ ክዳን ያለው ሳህንና ለገንዘብ የተለየ እጅ ቢኖራቸው ደንበኛቸው ይበዛል።

7. አላላጥና አመጋገብ

ቤት የገባ ፍሬ እስኪበላ ድረስ አይታጠብም፤ በፌስታልም ታስሮ አይቀመጥም። ሊበላ ሲል በሚወርድ ውኃ ሥር በብሩሽ ይታጠባል። በሹካ ተይዞ ሁለቱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ልጣጩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይወጣል። እጅ ሥጋውን እንጂ የልጣጩን ውጭ አይነካም።

እሾህ እጅ ላይ ቢሰካ ማሸት ወይም በጥርስ ለማውጣት መሞከር አያስፈልግም፤ ወደ ከንፈርና ወደ ምላስ ይተላለፋል። በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ወይም ማጣበቂያ ፕላስተር ተለጥፎ ይነሣል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ቁልቋል የሚጣፍጠው በማለዳ ወይም ቀዝቀዝ ብሎ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ የፍልሰታ ጾም ሲገባ በጾመኛው ቤት ተፈላጊነቱ ይጨምራል። በውስጡ ብዙ ውኃ፣ ቫይታሚን ሲ፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም ይገኛል። ስኳሩ ግን ስኳር ነውና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወላጆች አስፈላጊ ነው። የቁልቋል ዘር ደረቅና የማይፈጭ ነው። ልጆች በባዶ ሆድ፣ ያለ ሌላ ምግብና ያለ ውኃ፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ሲበሉ ዘሩ በአንጀት ውስጥ ተከማችቶ ከባድ ድርቀት ያስከትላል፤ ለሕክምና የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ስለሆነም በመጠን፣ ከምግብ ጋርና ውኃ ጠጥቶ መብላት ይመከራል።

ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ልጣጭ ነው። ይህ መጣል የለበትም፤ እሾሁ ተራግፎ ከገለባ ጋር ለከብት ይሰጣል። ቅጠሉም እንዲሁ ነው። ሆኖም ቅጠሉ አብዛኛው ውኃ፣ ፕሮቲኑም ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ቀለብ አይሆንም፤ ከድርቆሽና ከገለባ ጋር መደባለቅ አለበት።

ጭማቂና ማርማላታ ለመሥራት የሚያስቡ የሴቶች ማኅበራት ሎሚን መርሳት የለባቸውም። የቁልቋል ጭማቂ ኮምጣጣ ባለመሆኑ አፍልቶ በጠርሙስ ማሸግ ብቻውን አደገኛ ጀርሞችን አያስቀርም። የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ጣዕሙም ይሰላል፤ ማርማላታውም በደንብ ይረጋል። ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ግን አሲዱን በመሣሪያ የሚለካ የምግብ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

8. ከሩቅ ሀገር የተገኘ ትምህርት

የዱር ፍሬ በኅብረት ሥራ እንዴት የገበያ ምርት እንደሚሆን የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። በሰሜን አሜሪካ ብሉቤሪ የሚባል፣ አጋም የሚያክል ሰማያዊ ፍሬ ነበረ። ሰዎች ከጫካ ለቅመው ይበሉት ነበር እንጂ የሚያለማው አልነበረም። በኒው ጀርሲ የምትኖር ኤልሳቤጥ ዋይት የተባለች የገበሬ ልጅ፣ ፍሬድሪክ ኮቪል ከተባለ የመንግሥት የዕጽዋት ተመራማሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1911 ሥራ ጀመረች። ተመራማሪው ስለ ተክሉ ጠባይ ያውቃል፤ በየትኛው ጫካ ትልቅ ፍሬ እንደሚገኝ የሚያውቁት ግን ለቃሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ ትልልቅ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ላሳያት ለቃሚ ሁሉ ገንዘብ ከፈለች፤ ቁጥቋጦውንም በአግኚው ስም ጠራችው። በአንድ ለቃሚ ስም የተሰየመው ሩቤል የተባለው ዝርያ እስከ ዛሬ ይተከላል።

የመጀመሪያው የለማ ምርት በ1916 ለገበያ ቀረበ። በ1927 ደግሞ የአካባቢው አምራቾች የብሉቤሪ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ ዋይት ከአደራጆቹ አንዷ ነበረች። ዛሬ ያ የጫካ ፍሬ በብዙ ሀገሮች በትናንሽ ሳጥን ታሽጎ ይሸጣል። የያዛዙ ደንብም ከቁልቋል ጋር አንድ ነው፦ የደረሰውን መልቀም፣ በደረቁ ማስቀመጥ፣ ሳይበሉት አለማጠብ፣ የተጨፈለቀውን መለየት።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በቃሉ፣ በተሁለደሬና በደሴ ዙሪያ የትኛው አጥር ላይ ያለው ቁልቋል ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ፣ ጥቂት ዘርና ጥቂት እሾህ እንዳለው የሚያውቁት ልጆችና እናቶች ናቸው። ይህን ዕውቀት ጠይቆ፣ መዝግቦና ከፍሎበት ምርጡን ተክል ማባዛት የሚችለው ደግሞ ማኅበሩ ነው። አባዝቶ መትከሉም ቀላል ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ በጥላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከደረቀ በኋላ ይተከላል፤ በ2 ወይም በ3 ዓመት ፍሬ መስጠት ይጀምራል። በአንድ ቅጠል ላይ ከ6 የማይበልጡ ፍሬዎች ብቻ እንዲቀሩ ሌላው ገና በእንጭጩ ቢነሣ የቀሩት ይተልቃሉ።

9. ሳይቃጠል በቅጠል

ሁሉም ጥረት በአንድ ነፍሳት ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። ስሙ ኮችኒል ይባላል። የቁልቋልን ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር፣ ራሱን በነጭ ጥጥ መሰል ሽፋን የሚሸፍን፣ ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም የሚያወጣ ደቃቅ ተባይ ነው። ቀለሙ ለምግብና ለጨርቅ ማቅለሚያ ዋጋ ያለው በመሆኑ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ ትግራይ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ኋላ ግን ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ በደቡብ ትግራይ በራያ በኩል ሰፊ የበለስ ምድር አደረቀ። በዚያ ያሉ ቤተሰቦች በክረምት የሚተማመኑበትን ምግብ፣ ገቢና የከብት መኖ በአንድነት አጡ።

ራያ ከደቡብ ወሎ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱም አንድ ነው። ተባዩ በነፋስ፣ በከብት ቆዳና በሰው ልብስ ይጓዛል፤ በፍጥነት የሚዛመተው ግን ለተከላ ወይም ለመኖ በሚጫን ቅጠል ነው። በመሆኑም እነዚህ አራት ነገሮች የእያንዳንዱ ማኅበር ደንብ ሊሆኑ ይገባል፦

ሀ. ከሌላ አካባቢ የቁልቋል ቅጠል ለተከላም ሆነ ለመኖ አለማስገባት፤
ለ. በየወሩ አጥሩን ዞሮ ማየት፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲገኝ በእንጨት ጨፍልቆ ቀይ መሆኑን ማረጋገጥ፤
ሐ. ቀይ ከሆነ የተያዘውን ቅጠል በቦታው ቆርጦ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ የቀረውን በሳሙና ውኃ በኃይል ማጠብ፤
መ. በዚያው ዕለት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅ።

በሌላ በኩል ቁልቋል በዘፈቀደ ሲስፋፋ ራሱም ችግር ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ የዚህ ተክል ዘመዶች የግጦሽና የእርሻ መሬት ወርረው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 24 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሸፍነው ነበር፤ በ1926 በተለቀቀ የእሳት ራት መሰል ነፍሳት ነው የተገቱት። ስለዚህ ቁልቋል የሚተከለው በአጥር፣ በገደላማና በተራቆተ መሬት እንጂ በእርሻና በግጦሽ መካከል አይደለም።

10. የማኅበሩና የዩኒየኑ ድርሻ

አንድ ቤተሰብ ለብቻው 200 ፍሬ ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ አይችልም። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመቶ ቤተሰብ ፍሬ ተለይቶ፣ በሳጥን ተደርድሮ በአንድ መኪና ሲጫን ግን መንገዱ ይቀርባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት የአባላትን ምርት በጋራ እንዲያቀርቡ መንገድ ከፍተዋል። ለመጀመሪያው ክረምት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከአንድ መሠረታዊ ማኅበር ጋር ተስማምቶ ሳጥኖችን በውሰት መስጠት፣ ቆርጦ መልቀምን በአንድ ማለዳ በተግባር ማሳየት፣ በደሴ አንድ አየር የሚገባው መጋዘን መለየት፣ የገባውን፣ የተበላሸውንና የተሸጠውን በየቀኑ መመዝገብ ብቻ ነው። ተቆርጦ የተለቀመውና ተጠምዝዞ የተለቀመው ለየብቻ ተመዝግቦ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቢቆጠር፣ ልዩነቱ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስተምራል። ለተሻለው ፍሬ የተሻለ ዋጋ መክፈልም የግድ ነው፤ አለበለዚያ ማንም ሰው ቢላዋ ይዞ ማለዳ አይወጣም።

ሥራው ሲደራጅ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እስከ ዛሬ ቁልቋልን ለቅመው፣ ተሸክመውና ሸጠው ገንዘቡን ለቤታቸው ያዋሉት በአብዛኛው እናቶችና ልጆች ናቸው። ፍሬው በማኅበር በኩል ሲሸጥ የአባልነት መዝገቡ የአባወራውን ስም ብቻ የያዘ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከለቀመችው እጅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ክፍያው ላስረከበችው ሴት በስሟ እንዲሆን፣ እናቶችም በራሳቸው አባል እንዲሆኑ ማድረግ ይገባል። ልጆችም በትምህርት ሰዓት ለለቀማ እንዳይሰማሩ መተዳደሪያ ደንቡ ሊከለክል ይገባል።

ክቡራንና ክቡራት፣

ቁልቋል ማዳበሪያ ሳይጠይቅ፣ መስኖ ሳያስፈልገው፣ በድንጋያማ መሬት ላይ ቆሞ በክፉ ቀን የሚመግብ ተክል ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ ሲደርስ መለቀም፣ ሲለቀም መቆረጥ፣ ሲከማች መድረቅ፣ ከተባይ መጠበቅ። ይህ ከተደረገ በመጪው ክረምት በሐረጎ መንገድ ዳር የተቀመጠችው እናት ጀምበር ስትጠልቅ የቀረባትን ፍሬ በርካሽ አራግፋ አትነሣም፤ ነገም ስለሚደርስ ዋጋዋን ይዛ ትጠብቃለች።

ለዩኒየኑና ለአባል ማኅበራቱ መልካም የምሥረታ በዓል፣ መጪውም ክረምት የጥጋብ ይሁን።